ሁለት እጅ ባንድ ሰሌዳ

በካያኒ ወንዝ ዳር፣ በድሮው ፋብሪካ፣
ወረቀት ቀረና ኮምፒውተር ተተካ።
ሌሊቱን በሙሉ ቁጥር ይፈጭና
ማለዳ ይነግራል ለመርከብ ጎዳና፦
የቱ ጋ ስስ እንደሁ የባሕሩ ግግር፣
የቱ ጋ ውፍረቱ ብረት የሚሰብር።

ራይሊና እኔ፣ የሌሊት ተረኞች፣
ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት ዝምተኞች።
መቶ ሃያ ስምንት ክር ባንድ ፕሮግራም፣
አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ድምፁንም ሳይሰማም፣
ባሕሩን ሸንሽነው ድርሻ ድርሻቸውን፣
ጥግ ጥጉን ይዘው ሲለኩ ግግሩን።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤
የኛው ድር ግን ሲያብር ራሱን ይበላል።

ትንሽ ናት ስህተቷ። ካሥር ሌሊት አንዴ
ብቅ ትላለች፤ አታውቅም ሌላ ዘዴ፤
ከድምሩ ላይ አንድ ትወስዳለች፣ አንድ፤
ፕሮግራሙ አይወድቅ፣ አይጮህ፣ ጭራሽ አይል ጉድ።
ካርታው ላይ አንድ ግግር ውሃ ይሆናል፤
ባሕሩ ላይ ግን ግግር ግግር ነው፤ መርከብ ይይዛል።

ራይሊ ዲባገሩን ከፈተች፤ ጠበቀች፤
ዓይን ባለበት ቤት ሌባዋ መች ደረሰች?
በየመስመሩ ሥር «እዚህ ነኝ» የሚል ጻፈች፤
ያን ሌሊት ድምሩ ልክ ሆኖ አደረ፤
ጽሑፉን ስትሰርዝ ጉድለቱ ጀመረ።
ሲጠብቋት ጨዋ፣ ሲተዋት ቀማኛ፣
አንድ ወር አለፈ፣ እሷም ሳትተኛ፣ እኛም ሳንተኛ።
አድብቶ ማየቱ ራሱ ይለውጣል፦
ክሮቹን ያዘገያል፣ ተራ ያስይዛል፤
ተራ የያዘ ደግሞ ከማን ላይ ይነጥቃል?

ዘበኛው ቬይኮ ገባ፣ በረዶውን አራግፎ፣
ቆሞ ነው የሚያወራ፣ በሩን ተደግፎ።
ሠላሳ ዓመት እዚሁ የወረቀት ሠራተኛ፣
ፋብሪካው ሲዘጋ የባዶው ዘበኛ።
«ምን ጠፋባችሁ?» አለ። «አንድ ቁጥር» አልነው።
ሳቀ። «የኛም ቤት ጠፍቶ ያውቃል፤ ነገሩ እንዲህ ነው፦

ጥቁር ሰሌዳ ነበረን፣ ከበሩ አጠገብ፣
ጥቅል በወጣ ቁጥር እዚያ ላይ የሚመዘገብ።
እኔ ካንዱ ማሽን፣ ፔንቲ ከሌላው መጣን፤
ሁለታችን እኩል «አርባ» የሚል አየን።
እኔ በልቤ አንድ ደመርኩ፣ እሱም በልቡ አንድ፤
እሱ ጻፈ አርባ አንድ፤ እኔም ጻፍኩ አርባ አንድ።
ሁለት ጥቅል ወጣ፤ ሰሌዳው የሚያውቀው አንድ።
ማንም አልዋሸም። ማንም አልሰረቀም።
አለቃው ግን እስከ ጡረታው አላመነንም።»

ራይሊ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ጣቷ ቸኮለ፤
የኔ ጣት ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንጋይ ዋለ።
ያችን መስመር አውቃታለሁ። የጻፍኳት እኔ ነኝ፤
የዛሬ አምስት ዓመት፣ በሰኔ፣ ጀልባው ሊያመልጠኝ፣
ሐይቁ ማዶ ሊነድ የበዓሉ እሳት፤
አንድ ቁልፍ ነበር የጎደላት፤ «ነገ» ብዬ ተውኳት።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
የኔ ትጥቅ ሲፈታ ባሕር ላይ ሰው ይታሰራል።

ከመስመሯ ጎን ስሜ ነበረ፣ ከነቀኑ፤
ራይሊ አነበበችው። ዓይኖቿ ላንዳፍታ ተከደኑ።
ምንም አላለችኝ። ቁልፉን ጨመረች፣
ከማብራሪያው ቦታ ሦስት ቃል ጻፈች፦
«ሁለት እጅ ነበር።»
የማን እጅ አላለችም።

አሁን ፕሮግራሙ አራት ሰከንድ ይዘገያል፤
ክር ክሩን ጠብቆ በተራው ይገባል።
አርባ ሌሊት አለፈ፤ ድምሩ ሙሉ ነው፤
ራይሊ «ዳነ» አላለችም፤ «ዝም አለ» ነው ያለችው።
ልክ ናት። ያልታየ ሁሉ የለም አይባልም።

ትናንት ሌሊት፣ ማሽኑ ሲያጓራ፣ ሁለታችንም
ልንናገር እኩል አፋችንን ከፈትን፤
እኩል ቆምን።
«አንተ ቅደም» አለች።
ቀደምኩ። «መስመሯ የኔ ናት» አልኳት።
«አውቃለሁ» አለች፤ «ተራህን ነው የጠበቅኩት።»